ኪሎ ዋትና ኪሎ ቮልት አምፔር፥ ልዩነታቸውና ለነጋዴ የሚሰጡት ጥቅም

ጨርቅ በሜትር፥ ቡና በፈረሱላ እንደሚለካ ሁሉ የኤሌክትሪክ ኃይልም የራሱ መለኪያ አለው። ይኸውም ዋት ይባላል። ስያሜው የእንፋሎት ሞተርን ላሻሻለው ለስኮትላንዳዊው ጄምስ ዋት መታሰቢያ እንዲሆን በ1882 እ.ኤ.አ. የቀረበ ነው። 1,000 ዋት አንድ ኪሎ ዋት ሲሆን፥ አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ያህል ነው።

ከባትሪ የሚወጣው ኤሌክትሪክ አቅጣጫው ስለማይለዋወጥ ቮልቱን በአምፔሩ ማባዛት ዋቱን ያስገኛል። ከመሥመር የሚመጣው ግን እንዲህ አይደለም። በኢትዮጵያ በሚሠራበት በ50 ሄርዝ መሥመር ቮልቱም አምፔሩም በያንዳንዱ ሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳሉ። 220 ቮልት የተባለውም በየቅጽበቱ ከዜሮ እስከ 311 ቮልት ከፍ ዝቅ ይላል፤ 220 መባሉ ምድጃን ሲያሞቅ ከማይለዋወጥ 220 ቮልት ጋር እኩል ሥራ ስለሚሠራ ነው።

ስለዚህ እውነተኛው ኃይል የሚታወቀው የየቅጽበቱ ቮልት በዚያው ቅጽበት አምፔር ተባዝቶ አማካዩ ሲወሰድ ነው። በምድጃ ሁለቱ አብረው ስለሚወጡና ስለሚወርዱ ተራው ብዜት ይበቃል። በሞተር ግን አምፔሩ ከቮልቱ ኋላ ስለሚቀር፥ ከኃይሉ ከፊሉ ሥራ ሳይሠራ ወደ መሥመሩ ይመለሳል። ለምሳሌ በ220 ቮልት 10 አምፔር የሚስብ ሞተር በብዜት 2,200 ቮልት አምፔር ነው። ፓወር ፋክተር የተባለው ድርሻ 0.8 ከሆነ ግን በሥራ ላይ የሚያውለው 1,760 ዋት ብቻ ነው። ቢሆንም ሽቦውና ማብሪያ ማጥፊያው 10ሩን አምፔር በሙሉ መሸከም ይገባቸዋል።

ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ነው። የጄኔራተር አቅም አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በኪሎ ቮልት አምፔር ነው። በ0.8 የተመዘነ 50 ኪሎ ቮልት አምፔር ጄኔራተር የሚሰጠው 40 ኪሎ ዋት ነው። 45 ኪሎ ዋት የሚፈልግ የወፍጮ ቤት ባለቤት «50 ይበቃኛል» ብሎ ቢገዛው፥ መሣሪያው ከአቅሙ በላይ ይጫናል፤ ገንዘቡም በከንቱ ይጠፋል።

እንግዲህ አስመጪው ፕሮፎርማ ሲቀበል ሦስት ነገር ተጽፎ እንዲሰጠው ይጠይቅ፤ ኪሎ ቮልት አምፔሩን፥ ኪሎ ዋቱንና ፓወር ፋክተሩን። ባለ ሱቁም ለደንበኛው ይህንኑ ይግለጽ። መለኪያውን የጠየቀ ገዢ አይታለልም፤ ልዩነቱን ያስረዳ ሻጭም ደንበኛውን አያጣም።