የውበት ሙያና አደራው

የጸጉርና የውበት ሥራን እንደ ቀልድ የሚቆጥሩ ጥቂቶች አይደሉም። ይሁንና ከእንጦጦ ተዳፋት ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚወርዱ እናቶችን ላስተዋለ፣ በሾላና በመገናኛ የሚታዩት የውበት ሳሎኖች ለልጃገረድ ሌላ የእንጀራ በር መሆናቸው ግልጽ ነው።

ሙያው ግን ዕውቀት ይሻል። ለምሳሌ፣ የሒና ቅጠል የሚሰጠው ቀላ ያለ ወይም ቡናማ ቀለም እንጂ ጥቁር አይደለም። «ጥቁር ሒና» የሚባለው ብዙ ጊዜ ፓራፌኒሊንዳያሚን የተሰኘ የጸጉር ማቅለሚያ ኬሚካል የተቀላቀለበት ነው፤ ቆዳን አቁስሎ ጠባሳ ሊተው፣ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ አለርጂም ሊያስከትል ይችላል። ቆዳ ያነጣሉ ከሚባሉ ቅባቶችም ኩላሊትን የሚጎዳ ሜርኩሪ የተገኘባቸው አሉ።

ስለዚህ ሠልጣኟ ከሹሩባው ጋር የዕቃውን መግለጫ ማንበብን፣ መሣሪያ ማጽዳትን፣ ማቅለሚያን አስቀድሞ በጥቂቱ ከጆሮ ጀርባ ቀብቶ 48 ሰዓት መጠበቅን ትማር። በቴክኒክና ሙያ ተቋም ሠልጥና የብቃት ምዘናውን ብታልፍ፣ የምስክር ወረቀቱ ሥራ ስትፈልግ ይቆምላታል። የሰው ገላ አደራ ነው፤ «ይህን አልቀባሽም» ብላ ገንዘብ የምትመልስ ባለሙያ አደራዋን ጠብቃለች።