የባንድ ሶው ምላጭ ንዝረትና በነጋዴው ትርፍ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት

በእንጨትና በብረት ንግድ የተሠማራ ሰው የኪሳራውን ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው በገበያ ዋጋና በማጓጓዣ ወጪ ላይ ነው። ነገር ግን በመጋዝ ጥርስ ሥር የሚጠፋው ገንዘብ እንዲሁ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ስለዚህ የባንድ ሶው ምላጭ ስለምን እንደሚንቀጠቀጥ ማወቅ ለመጋዝ ቤት ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን ምላጩን ለሚያስመጣውና ለሚሸጠውም ነጋዴ የሚጠቅም ነው።

ባንድ ሶው ማለት ሁለት ጫፎቹ በብየዳ የተጋጠሙ ቀጭን ምላጭ በሁለት መንኰራኵሮች ላይ ያለማቋረጥ እየዞረ የሚቈርጥ መኪና ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1808 ዊልያም ኒውበሪ የተባሉ እንግሊዛዊ የፈጠራ መብት ቢያገኙበትም፥ ምላጩ ከመጋጠሚያው ላይ እየተበጠሰ ስላስቸገረ ለብዙ ዘመን በሥራ ላይ ሳይውል ቈይቷል። በ1846 ፈረንሳዊቷ አን ፖሊን ክሬፔን የተሻለ የማጋጠሚያ ዘዴ ካስመዘገቡ በኋላ ግን አገልግሎቱ እየተስፋፋ ሄደ።

የንዝረቱን ጠባይ ለመረዳት የክራርን ክር ማሰብ ይበቃል። ክሩ ሲላላ ይርገበገባል፤ ሲወጠርም ድምፁ ይቀጥናል። ምላጭም እንደዚሁ የራሱ የሆነ የመርገብገብ ልክ አለው። ጥርሶቹ ዕቃውን የሚመቱበት ልክ ከዚህ ጋር የተቀራረበ እንደ ሆነ፥ ዥዋዥዌ በየምልሱ ሲገፋ ከፍ እያለ እንደሚሄድ ሁሉ ንዝረቱም ይበረታል። ከዚህ የተነሣ በተቈረጠው ፊት ላይ ሞገድ የመሰለ መሥመር ይታያል፤ ጥርስ ይሸረፋል፤ ምላጩም ያለ ዕድሜው ይበጠሳል። አንዳንድ ምላጮች በጥርሶቻቸው መካከል ያለው ርቀት እኩል እንዳይሆን ተደርገው የሚሠሩት ምቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ንዝረቱን እንዳያሳድግ ነው።

ጉድለቱ ከየት እንደ መጣ በጆሮ ለመለየት ይቻላል። ለምሳሌ ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ ምላጭ በደቂቃ 60 ሜትር ቢሄድ አንድ ዙር የሚፈጅበት 3 ሴኮንድ ነው። ኳኳታው በየ3 ሴኮንዱ የሚሰማ ከሆነ ብየዳው ወይም አንድ የተሸረፈ ጥርስ ይመረመር። በአንድ ሴኮንድ ከሩብ ገደማ የሚመላለስ ከሆነ ግን 40 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው መንኰራኵር የሚዞርበት ጊዜ ስለ ሆነ፥ ኩሽኔታው ወይም በመንኰራኵሩ ላይ የተጣበቀው ቈሻሻ ይታይ። በጥርሶቹ መካከል 4 ሚሊሜትር ካለ በሴኮንድ 250 ጥርስ ስለሚያልፍ፥ ያለማቋረጥ የሚጮኸው ድምፅ ከጥርሶቹ ምት የመጣ ሊሆን ይችላል።

የጥፋቱ መጠን በሒሳብ ሲታይ እንዲህ ነው። ውፍረቱ 300 ሚሊሜትር ከሆነ ግንድ የ25 ሚሊሜትር ጣውላ ቢወጣና ምላጩ በየመሄጃው 3 ሚሊሜትር ወደ ሰጋቱራ ቢለውጥ፥ 10 ጣውላ ይገኛል። ምላጩ እየተንቀጠቀጠ ፊቱን ቢያበላሽና ለመላጊያ ሲባል እያንዳንዱ ጣውላ በ28 ሚሊሜትር ቢቈረጥ ግን የሚገኘው 9 ብቻ ነው። ከአሥር አንዱ ጣውላ ሳይሸጥ ቀረ ማለት ነው።

መድኃኒቱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የምላጩ ውጥረት በሠሪው ፋብሪካ መመሪያ ልክ ይሁን፤ መላላቱ ያወላግደዋል፥ ከልክ ያለፈ ውጥረትም ይሰነጥቀዋል። ምላጩን የሚይዙት መሪዎች ወደሚቈረጠው ዕቃ ይቅረቡ፤ በመካከል የሚቀረው ርዝመት ሲያጥር ምላጩ ይጠነክራልና። አዲስ የብረት መቍረጫ ምላጭ በመጀመሪያ ሰዓት በቀስታ ይገፋ። ይሁን እንጂ ግፊቱ እጅግ ቢያንስ ጥርሱ መንከስ ትቶ ስለሚፈጋ፥ ይህም ራሱ ንዝረት ያመጣል።

ባለሱቅም ምላጭ ከመሸጡ በፊት የሚቈረጠው ምን እንደ ሆነና ውፍረቱ ስንት እንደ ሆነ ደንበኛውን ይጠይቅ። ብረት ሲቈረጥ ቢያንስ 3 ጥርሶች በአንድ ጊዜ በዕቃው ውስጥ መገኘት አለባቸው፤ አለዚያ ስስ ቧንቧ ጥርሱን ይነቅለዋል። ለወፍራም ግንድ ደግሞ ደቃቅ ጥርስ ቢሰጥ በጥርሶቹ መካከል ያለው ጎድጓዳ ስፍራ በሰጋቱራ ይሞላል። አስመጪውም ሲያዝ ርዝመቱን፥ ስፋቱን፥ ውፍረቱን፥ የጥርሱን ርቀትና የብረቱን ዓይነት አሟልቶ ይጻፍ። በርዝመት ብቻ የታዘዘ ምላጭ በመኪናው ላይ ቢገጥምም ሥራውን ላይገጥም ይችላል፤ ደንበኛውም የሚወቅሰው ሻጩን ነው።