አንድ ስም፣ ብዙ ዝርያ፦ የደጋ ሣር እንቁራሪቶች ምደባና ለጣና ዳርቻ ጥናት ያለው አንድምታ

መግቢያ

ፕቲካዴኒዴ በአፍሪካ የተስፋፋ የእንቁራሪቶች አስተኔ ሲሆን ፕቲካዴና፣ ሂልደብራንቲያና ላንዛራና የተባሉ ሦስት ወገኖችን ይይዛል። ፕቲካዴናዎች፣ ማለትም የሣር እንቁራሪቶች፣ መሬት ላይ በሣርና በረግረግ ዳር ይኖራሉ፤ በሹል አፍንጫቸው፣ በረጃጅም የኋላ እግሮቻቸውና በጀርባቸው ላይ በተዘረጉት የቆዳ እጥፋቶች ይታወቃሉ። ይህ ጽሑፍ የኢትዮጵያ ደጋ ሣር እንቁራሪቶች ምደባ እንዴት እንደተለወጠና ለውጡ ከጣና ዳርቻ አጥኚዎች ምን እንደሚጠይቅ ያመለክታል።

የስያሜው ታሪክ

ኤርንስት አል በ1924 እ.ኤ.አ. ኖይማኒና ኤርላንገሪ የተባሉትን ዝርያዎች ሰየመ፤ ስሞቹ በኢትዮጵያ የተጓዙትን ኦስካር ኖይማንንና ካርሎ ፎን ኤርላንገርን ያስታውሳሉ። ኩፐሪ በ1930፣ ናና በ1980፣ ሃረና በ1997 ተከተሉ። ሆኖም ኖይማኒ የሚለው ስም ለረጅም ጊዜ መልካቸው የተቀራረበ በርካታ የደጋ እንቁራሪቶችን ሲሸፍን ቆየ። በ2014 የታተመ የዘረመል ጥናት በስሙ ሥር የተለያዩ የዘር ሐረጎች መኖራቸውን አሳየ። በ2017 አምሃረንሲስ፣ ጎወሪና ሌቨኖሩም፣ በ2021 ደግሞ ቤካ፣ ዴልፊና፣ ዶሮና ሮቤንሲስ ተሰየሙ።

የመለያ መስፈርቶች

የጀርባ ቀለምና መስመር በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ ስለሚለያይ ብቻውን አያስተማምንም። የማይቶኮንድሪያ ዘረመልም በእናት በኩል ብቻ ስለሚወረስ፣ ዝርያዎች ተዳቅለው ከነበረ አሳሳች ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ የኒውክለስ ዘረመል፣ የአካል ልኬትና የወንዱ የጥሪ ድምፅ ተጣምረው መታየት አለባቸው። የጥሪው ፍጥነት ከሙቀት ጋር ስለሚለዋወጥ ድምፁ ሲቀዳ የአየሩም ሙቀት ይመዘገባል።

ለጣና ዳርቻ ያለው አንድምታ

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ አካባቢው በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ ረግረጎቹ ለእርሻና ለግጦሽ ይፈለጋሉ። አንድ ረግረግ ሲጠፋ የሚደርሰው ጉዳት የሚመዘነው በዚያ የሚኖረው ዝርያ ሌላ ቦታ መገኘት አለመገኘቱ ታይቶ ነው። ሰፊ ስርጭት ያለው የሚመስል ስም ጠባብ ስርጭት ያለውን ዝርያ ከሸፈነ ጉዳቱ ከመዝገብ ውጭ ይቀራል።

በመሆኑም «ኖይማኒ» ተብለው የተመዘገቡ የቆዩ ናሙናዎች እንደገና ሳይመረመሩ ለስርጭት ማስረጃነት ሊወሰዱ አይገባም። በአዳዲስ ቅኝቶችም ፎርማሊን ዘረመልን ስለሚጎዳ፣ ናሙናው ፎርማሊን ከመነከሩ በፊት ቁራጭ ሥጋ በአልኮል ሊቀመጥ፣ የተገኘበት ቦታና ከፍታም አብሮ ሊመዘገብ ይገባል።