ከሄርኒያ ቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ፔዳል መመለስ

ብሽሽቱን ተሰፍቶ ከሆስፒታል የወጣ ሰው ምክር አያጣም። ጎረቤት «ስድስት ወር እንዳትንቀሳቀስ» ይላል። እናት ገንፎውን አቅርባ «ተኛ ልጄ» ትላለች። ሐኪሙ ደግሞ ካርዱ ላይ እየጻፈ «ሲሻልህ መንቀሳቀስ ትችላለህ» ብሎ ወደ ቀጣዩ ታካሚ ያልፋል። ብስክሌቱ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ማንን ይስማ?

ምክሩ የሚለያየው ቀዶ ሕክምናው ራሱ ስለተለወጠ ነው። ጣልያናዊው ሐኪም ኤዶአርዶ ባሲኒ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የብሽሽት ሄርኒያን ሲጠግን የጡንቻውን ጠርዞች ጎትቶ በክር ያገጣጥም ነበር። እንዲህ ያለው ስፌት ሁልጊዜ ውጥረት ስላለበት ረጅም ዕረፍት ይፈልጋል፤ የስድስት ወሩ ምክር የመጣውም ከዚያ ልማድ ነው። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በሎስ አንጀለስ ይሠራ የነበረው ኢርቪንግ ሊችተንስታይን ጡንቻውን ሳይጎትት ክፍተቱ ላይ መረብ ማኖርን አስፋፋ። በዚህ መንገድ የተጠገነ የብሽሽት ግድግዳ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ድጋፍ አለው። ቀስ በቀስም የሰውነት ሥጋ በመረቡ ቀዳዳዎች ውስጥ እያደገ ያጠነክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ዓለም አቀፍ የሄርኒያ ሕክምና መመሪያም ታካሚው ምቾት እንደተሰማው ያለ ገደብ ወደ መደበኛ ኑሮው እንዲመለስ ይመክራል።

ስለዚህ ከሆስፒታል ከመውጣትዎ በፊት ሐኪምዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «የተጠገንኩት በመረብ ነው ወይስ በክር ብቻ?» መረብ በአገራችን በሁሉም ሆስፒታል አይገኝም። በክር ብቻ ከተጠገኑ ከዚህ በታች ካሉት ጊዜያት ላይ ሳምንታት መጨመር ያስፈልጋል፤ ምን ያህል እንደሚጨመር የሚያውቀው የሰፋዎት ሐኪም ነው። በቀድሞ ቀዶ ሕክምና ጠባሳ ላይ የወጣ ትልቅ የሆድ ሄርኒያ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይህ ጽሑፍ እሱን አይመለከትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሄርኒያ ማለት የላይኛው ጎማ ሲሰነጠቅ የውስጡ ጎማ በስንጥቁ በኩል አብጦ እንደሚወጣው ነው። ስንጥቁ ቢደፈንም የውስጡ ግፊት አይጠፋም፤ ጠቢብ ሰው የሚጠነቀቀው ለዚያ ግፊት ነው። የሆድ ውስጥ ግፊትን ከሁሉ በላይ ከፍ የሚያደርጉት ግን ብዙዎች የሚፈሩት ብስክሌት ወይም ቀላል ዕቃ ማንሳት አይደሉም። በጤነኛ ሰዎች ላይ ሲለካ ከፍተኛውን ቁጥር ያስመዘገቡት ሳልና ዝላይ ናቸው። ጉንፋን ይዞት የሚያስል ሰው ለጥ ባለ መንገድ ቀስ ብሎ ከሚነዳ ሰው ይልቅ ስፌቱን ያስጨንቃል። ሳል ሲመጣ ቁስሉ ላይ ትራስ ወይም መዳፍዎን ጫን ያድርጉ። የሚያጨሱ ከሆነ ለማቆም ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም።

ሁለተኛው ጠላት የሆድ ድርቀት ነው፤ ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ መነጋገርን ስለምናፍር ብዙ ሰው ይጎዳበታል። እንደ ትራማዶል ያሉ ጠንካራ ማስታገሻዎች አንጀትን ያደርቃሉ። በዚያ ላይ አስታማሚ የሚያቀርበው ገንፎና ሥጋ፣ ከአልጋ አለመነሳትም ይጨመርበታል። ተልባ፣ ጎመን፣ ፓፓያና ብዙ ውኃ ከማንኛውም ቀበቶ ይልቅ ስፌትዎን ይጠብቁታል። ሽንት ቤት ቁጢጥ ብሎ ማማጥ ብስክሌት ከመንዳት የከበደ ሥራ ነው።

መራመድ የሚጀመረው በቀዶ ሕክምናው ዕለት ወይም በማግስቱ ነው፤ መጀመሪያ በቤት ውስጥ፣ ቀጥሎ እስከ ሱቅ ድረስ። ተኝቶ መክረም በእግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል፤ ይህም ከሄርኒያው የከፋ አደጋ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብሽሽትና የዘር ከረጢት አካባቢ ሊያብጥና ሊጠቁር ይችላል። ከጠባሳው በታች የመደንዘዝ ስሜትም የተለመደ ነው፤ አንዳንዴም ለዘለቄታው ይቀራል።

በጂም ያለውን የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ሊሞክረው ይችላል። ቁስሉ ደርቆ መዘጋት አለበት፤ ያለ ማስታገሻ ደረጃ መውጣትም መቻል አለብዎት። አስር ደቂቃ፣ በቀላል ማርሽ፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው። ወደ ፊት በጣም ማጎንበስ ብሽሽትን ስለሚያጥፍ ቁስሉን ይቆነጥጣል፤ መሪውን ከፍ ማድረግ ይረዳል። በማግስቱ ጠዋት የሚሰማዎትን ልብ ይበሉ። ቀለል ያለ የመጎተት ስሜት ችግር የለውም። ሕመሙ ከትናንቱ ከባሰ ግን ወደ እግር ጉዞ ለጥቂት ቀናት ይመለሱ።

መንገድ ላይ ለመውጣት የሚያስፈልገው ፈተና ሌላ ነው፦ ሰው ድንገት ቢገባብዎ ሳያመነቱ ፍሬን ይዘው እግርዎን መሬት ላይ መትከል ይችላሉ? ሕመምን እየፈሩ የሚያመነቱ ከሆነ ገና ነው። ለአብዛኛው ሰው ይህ ከሦስተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይሳካል። ሲወጡ እግርዎን በኮርቻው ላይ ወዲያ አይወርውሩ፤ ብስክሌቱን ወደ ጎን አዘንብለው ይግቡበት። የባሕር ዳር ነዋሪ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው፤ ከተማው ለጥ ያለ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለችው አዲስ አበባ ግን ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ኮብልስቶኑም ያንገጫግጫል። ስለዚህ ለጥ ያለ አስፋልት ይምረጡ፤ ዳገት ሲመጣ ተቀምጠው በቀላሉ ማርሽ ይውጡ፤ ካቃተ ይውረዱ። ፔዳል ላይ ቆሞ መታገልንና ዕቃ ጭኖ መንዳትን ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ ያድርጉት። ብስክሌቱን ተሸክሞ ፎቅ መውጣትም እንደዚሁ ነው፤ ብዙዎች ይህንን ከስፖርቱ አይቆጥሩትም።

ሃያ ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው፤ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ሌላ ሰው ይሸከመው። ስግደትም የአካል ሥራ ነው፤ ደጋግሞ መውደቅና መነሳት ሆድን ያስጨንቃል። የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ሙስሊም አንባቢም ለታመመ ሰው ተቀምጦ መስገድ እንደተፈቀደ ያውቃል። ወደ ክብደት ማንሳት ሲመለሱ በሚያነሱበት ቅጽበት ትንፋሽዎን ያውጡ። ትንፋሽን አፍኖ ማንሳት ግፊቱን ያከብደዋል። ሲት አፕን ለመጨረሻ ያቆዩት።

ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ መግል፣ ሽንት እምቢ ማለት፣ የአንድ እግር ባት ማበጥ፣ ወይም ተመልሶ የማይገባ አዲስ እብጠት ከማስመለስ ጋር ካዩ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይሂዱ።

በመጨረሻ ብዙም የማይወራውን ልጨምር። ከአስር ሰዎች አንዱ ገደማ ከሦስት ወር በኋላም ሕመም ይቀርበታል፤ ከእነዚህም የጥቂቶቹ ሕመም ኑሮን የሚያውክ ነው። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ በአካባቢው ያለ ነርቭ ነው፤ ለሱም መድኃኒትና መርፌ አለ። ኮርቻ ላይ በተቀመጡ ቁጥር እንደ መብራት የሚወጋ ወይም የሚያቃጥል ነገር ካለ ሳይታገሡ ቀዶ ሕክምናውን ወደ ሠራው ሐኪም ይመለሱ፤ ሕመሙ የሚጀምርበትን ቦታ በጣትዎ ያሳዩት፤ በየትኛው እንቅስቃሴ እንደሚመጣም ይንገሩት።