ተኝቶ መታከም ተኝቶ መዋል አይደለም

ሆስፒታል የገባን ሰው «ተኛ» እንላለን። «አባባ ተኝተዋል» ሲባል ዘመድ ሁሉ አጥሚቱን በፔርሙስ ሞልቶ ይመጣል። ችግሩ፣ ቃሉን እንደ ትእዛዝ መውሰዳችን ነው። አባባ ቀና ልበል ሲሉ «ኧረ አይነሱ፣ በሞቴ!» ብለን ትከሻቸውን ይዘን እንመልሳቸዋለን። ከፍቅር ነው። ሳንባቸው ግን ይህን ፍቅር አይወደውም።

ሆስፒታል በገቡ ከ48 ሰዓት በኋላ የሚጀምር የሳንባ ምች አለ። ለእግር ስብራት የገባ ሰው በሳምንቱ ያተኩሰዋል፣ ያስለዋል። እኛም «ብርድ መታው» ብለን መስኮት እንዘጋለን። ጠላት ግን ብዙ ጊዜ ያለው አፍ ውስጥ ነው። ጥርስ ሳይታጠብ ሲሰነብት ጀርሙ ይራባል፤ በጀርባው የተኛ ሰው ምራቅ ደግሞ ሳይታወቀው ጠብ ጠብ እያለ ወደ ሳንባ ይወርዳል። በደንብ ካልተነፈሰና ካልሳለ እዚያው ይቀመጣል።

እንግዲህ አንቺ አስታማሚዋ እህቴ፣ ጉልበትሽን እዪው! መሣሪያሽ የጥርስ ብሩሽ ነው። 15 ጥናቶችንና ከ2,700 በላይ ሕመምተኞችን ያሰባሰበ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ትንተና እንዳሳየው ጥርሳቸው በተቦረሸላቸው ዘንድ ይህ ምች በሲሶ ገደማ ያነሰ ነበር፤ ጥቅሙ ጎልቶ የታየው በመተንፈሻ መሣሪያ በሚታገዙት ላይ ነው። ደግሞም በቀን ሁለቴ ይበቃል፤ ሦስቴ መቦረሽ ብልጫ አላመጣም። ቦስተን ውስጥ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች አፍ ማጽዳት፣ በጥልቅ ማስተንፈስና ማሳል፣ ራስጌያቸውን ከፍ ማድረግ፣ ከአልጋ ማውረድ ጀመረ። የሳንባ ምች ከ2.6 ወደ 1.6 በመቶ ወረደ።

ነገ ጠዋት ጀምሪ። መጀመሪያ «ሲስተር፣ ቀና ማለት ይፈቀድላቸዋል?» ብለሽ ጠይቂ። ከተፈቀደ የአልጋውን ራስጌ ከፍ አድርጊ፤ ማንሻው ከተበላሸ (ብዙ ጊዜ ተበላሽቷል!) ጋቢውን አጣጥፈሽ ከትራሱ ጋር ከጀርባቸው ደግፊ። ጎድጓዳ ሳህን አገጫቸው ሥር ያዢ። ብሩሹን ራሳቸው መያዝ ከቻሉ ስጫቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ጥርሳቸውን በመፋቂያ ያጸዱ ሰው ሥራውን ያውቁታል። መዋጥ የሚያቅታቸው ከሆነ ግን ውኃ አታፍስሺባቸው፣ ነርሷ ታሳይሽ። አጥሚቱንም ቀና ብለው ይጠጡ እንጂ በጀርባቸው እንደተኙ በማንኪያ አታጉርሻቸው።

ከዚያ ዐሥር ጊዜ በረጅሙ ይተንፍሱ። አንዴ ጠንከር አድርገው ይሳሉ፤ ቁስሉ ካመማቸው ትራሱን ሆዳቸው ላይ ይጫኑት።

አልጋው አጠገብ ያለችዋን አንዲት ወንበር ታውቂያታለሽ? ሁልጊዜ ጠያቂ ነው የሚቀመጥባት። ነገ ሐኪሞቹ ለዙር ሲገቡ አባባ ተቀምጠውባት ያግኟቸው፤ ጠያቂው ይቁም።