መስኮቱ የጠቆረ ማሽን ሞቷል ማለት አይደለም

በአንድ ኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር ማሳደር ዛሬ የምሕንድስና ተማሪዎች ሥራ ብቻ አይደለም፡፡ በሥነ ጽሑፍ ክፍል ያለነውም ቨርቹዋል ማሽን እያቆምን ሊኑክስ እንጭንበታለን፡፡ ታዲያ አንድ ቀን ማሽኑ ሲነሣ መስኮቱ ይጠቁርና ጸጥ ይላል፡፡ ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ማሽኑን ደምስሶ እንደ አዲስ ይጭናል፤ የመመረቂያ ጽሑፉም አብሮ ይጠፋል፡፡ ይህ በሕይወት ያለውን መቅበር ነው፤ ብዙ ጊዜ የታመመው ማሳያው ብቻ ነውና፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ግረብ የተባለው ቡትሎደር ከርነሉን ያስነሣል፤ ከርነሉም በግራፊክስ ድራይቨሩ አማካይነት የማሳያውን ስፋት ራሱ ይወስናል፡፡ ይህ አሠራር ወደ ሊኑክስ የገባው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ነው፡፡ ነገር ግን ቨርቹዋል ማሽን በአብዛኛው ያለው የግራፊክስ ካርድ አምሳያ እንጂ እውነተኛ ካርድ አይደለም፡፡ ድራይቨሩና አምሳያው ካልተስማሙ ማሽኑ ሥራውን እየሠራ መስኮቱ ባዶ ይሆናል፡፡ በኤስኤስኤች መግባት ከተቻለ ለዚህ ማስረጃ ነው፡፡

አንባቢ ሆይ፣ ማሽኑን እንደገና ሲያስነሡ፣ በባዮስ የሚነሣ ከሆነ ሺፍትን፣ በዩኢኤፍአይ ከሆነ ኢስኬፕን ይጫኑ፡፡ የግረብ ዝርዝር ሲወጣ «ኢ» የተባለውን የላቲን ፊደል ይንኩ፡፡ «ሊኑክስ» በሚል ቃል የሚጀምረውን መስመር ፈልገው ከጫፉ ላይ «ኖ»፣ «ሞድ»፣ «ሴት» የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት ያለ ክፍተት ገጥመው ይጻፉ፡፡ ትርጓሜው «የማሳያውን ሁኔታ አትለውጥ» ነው፡፡ በዚያው መስመር «ኳየት» የሚል ካለ ይሰርዙት፤ ኳየት ዝም በል ማለት ነው፤ በሽተኛን ዝም አሰኝቶ ምንህን ያምሃል ማለት አይቻልም፡፡ ከዚያ ኮንትሮልና ኤክስ፡፡

ይህ ለውጥ ለአንድ መነሣት ብቻ ስለሚያገለግል ቢሳሳቱ እንኳ የሚጎዳ ነገር የለም፡፡ እንዲጸና ከተፈለገ «ኢቲሲ» በሚባለው ማውጫ፣ «ዲፎልት» ሥር ያለውን የግረብ ፋይል ከፍቶ ቃሉን «ሲኤምዲላይን ሊኑክስ ዲፎልት» ከሚለው መስመር ጥቅስ ውስጥ ማስገባት ነው፡፡ በኡቡንቱና በዴቢያን ቀጥሎ «አፕዴት ግረብ» የሚለውን ትእዛዝ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማዘዝ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ፋይሉ ይታረማል እንጂ ቡትሎደሩ ወሬውን አይሰማም፡፡

ዋጋ አለው፤ ማሳያው ይዘገያል፣ ስፋቱም ይወሰናል፡፡ ጽሑፍ ለሚጽፍ ሰው ግን ይበቃል፡፡ የተበላሸው የግረብ ዝርዝር ራሱ ከሆነ በዚያው ፋይል «ግረብ ተርሚናል» የሚለውን «ኮንሶል» ብሎ መሙላት ወደ ተራ የጽሑፍ ማሳያ ይመልሰዋል፡፡