ዘይቱ ማኪያቶ ሲመስል

አንድ ማለዳ ባሕር ዳር፣ ወደ ዘጌ ሰው ከመጫኔ በፊት፣ ዳር አውጥቼ ሞተሯን ቀጥ አድርጌ ያሳደርኳት ጀልባ ላይ የካምቢዮውን የታችኛውን የዘይት ቡሎን በካቻቢቴ ትንሽ ላላ አደረግሁት። መጀመሪያ ሦስት አራት ጠብታ ንጹሕ ውሃ ወረደ። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ሲያድር ከታች ይዘቅጣል። ተከትሎ የመጣው ዘይት ውሃ ተቀላቅሎበት መልኩ ማኪያቶ ነበር። ያው ሞተር ግን ማታ አንዲት የተለየ ድምፅ ሳያሰማ ነው ከጣና ሐይቅ የገባው። ያን ጠዋት ባላየው ኖሮ የማውቀው ማርሹ ሲንኳኳ ነበር፤ ያኔ ደግሞ የሚገዛው ሙሉ ካምቢዮ ነው።

በአሮጌ ሞተር እንጀራቸውን ለሚጋግሩ ሁሉ ይህን የማለዳ ምርመራ አጥብቄ እመክራለሁ። ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠል ሞተር ኃይሉ በቀጥታ ወደ ታች በሚወርድ ዘንግ ይመጣል፤ ውሃ ውስጥ ባለው ካምቢዮ ዘጠና ዲግሪ ይታጠፍና ፕሮፔለሩን ያዞራል። የእኔ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር ማርሾችና ኩሽኔታዎች የሚታጠቡት ግማሽ ሊትር በማይሞላ ዘይት ነው። ያን ዘይት ከሐይቁ የሚለዩት ጥቂት ጎማዎች ናቸው፦ በዘንጎቹ ላይ የተቀመጡት ፓራኦሊዮዎችና የቡሎኖቹ ጓርኒሲዮን። እኔ እስካየሁት ድረስ ብዙውን ማርሽ የበላው ከእነዚህ ርካሽ ጎማዎች የአንዱ መቆረጥ ነው።

ፕሮፔለሩን ከመንካታችሁ በፊት የካንዴላዎቹን ገመዶች ንቀሉ። ማርሽ ገብቶ ከሆነ ፕሮፔለር ማዞር ሞተሩን ሊያስነሳው ይችላል፤ ጣት ደግሞ መለዋወጫ የለውም። ከዚያ ኮፒሊያውን አቅንታችሁ አውጡ፤ በቅጠሉና በሞተሩ አካል መካከል እንጨት አስገብታችሁ ዳዶውን ፍቱ። ሮንዴላዎቹ በየትኛው ተራና ፊት እንደተቀመጡ በስልካችሁ አንሱ።

እኔ ፕሮፔለሩን ሳወጣ ከበስተኋላው ዘንጉ ላይ የናይለን ክር እንደ ድውር ተጠምጥሞ አገኘሁ። ከሙቀቱ ብዛት ቀልጦ አንድ ላይ ተጣብቋል፤ በቢላ እየላጥሁ ነው ያነሳሁት። ታንኳውን አጠገቤ ያሰረ አጥማጅ ልጅ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የኛ መረብ ነው» አለኝ። ክሩ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ገፍቶ የፓራኦሊዮውን ከንፈር ቆርጦታል። እምቦጭ የሚባለው አረም በ2011 እ.ኤ.አ. በጣና ከታየ ወዲህ ደግሞ ሥሩ ከመረብ ጋር ተጠላልፎ ስለሚመጣ ፕሮፔለር ላይ የሚጠመጠመው በዝቷል። ስለዚህ በአረም ወይም በመረብ መካከል ያለፈ ጀልባ ማታውኑ ፕሮፔለሩ ይውለቅ። ሥራው ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ፓራኦሊዮ ሲቀየር ሰው የሚሳሳተው አቅጣጫው ላይ ነው። ስፕሪንግ ያለበት ፊት ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ? ሁለት ፓራኦሊዮ ተደርቦ ሲገኝ አንዳንዱ ሞተር ሁለቱንም ወደ ውጭ ያስቀምጣል፣ አንዳንዱ ጀርባ ለጀርባ ያደርጋቸዋል። አሮጌውን ሳታወጡ ፎቶ አንሱና አዲሱን እንደዚያው መልሱ። ስታወጡትም ዘንጉን እንዳትጭሩ ተጠንቀቁ። ቀጥሎ ዘንጉን በጨርቅ አጽዱና የድሮው ከንፈር ያረፈበትን ቦታ በጥፍር ዳስሱ። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አዲሱም ያፈሳል። መቀመጫው ከፈቀደ ከንፈሩ ያልተበላ ብረት ላይ እንዲያርፍ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ከድሮው ቦታ አሸሹት። እኔ መጀመሪያ ይህን ሳላደርግ ገጥሜ፣ በሳምንቱ ያንኑ ማኪያቶ መልሼ አየሁ።

ዘይት ከመሙላት በፊት በአየር መሞከር ግድ ነው። መለኪያ ያለው የብስክሌት ፖምፓ በዘይት ቀዳዳው በኩል በሚገጥም ቱቦ አገናኙ፤ ሌላውን ቀዳዳ ዝጉና እስከ 10 ፒ.ኤስ.አይ ብቻ ንፉ። ከልክ ካለፈ ደኅናውን ፓራኦሊዮ ራሱ ይገፋዋል። ካምቢዮውን ከላይኛው አካል ፈታችሁ ውሃ ባለበት ባልዲ ነክራችሁ ዘንጎቹን በእጅ አዙሩ። አረፋ የወጣበት ቦታ ገና ሥራ ይቀረዋል። መርፌው ለጥቂት ደቂቃ ካልወረደ ዘይት ሙሉ፤ መመሪያው ሌላ ካላለ ለእንዲህ ያለ ካምቢዮ የሚሆነው ኤስ ኤ ኢ 90 የማርሽ ዘይት ነው። የሚሞላው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ከላይ ከሞላችሁት አየር ይታፈንና ሞላ ሲሉት ጎደሎ ይሆናል። በላይኛው ቀዳዳ አረፋ የሌለው ዘይት ሲወጣ መጀመሪያ የላዩን ዝጉ፤ ከዚያ የዘይቱን ፖምፓ ነቅላችሁ የታቹን ቶሎ ዝጉ። የተደፋውን አሮጌ ዘይት ጄሪካን ውስጥ አጠራቅሙ፤ አደራ፣ ሐይቁ ዳር አይፍሰስ። ከዚያው ውሃ የሚጠጣ ሰው አለ።

ካምቢዮው ከላይኛው አካል ከተለያየ አይቀር የውሃ ፖምፓውን የጎማ ክንፍም ቀይሩት። የጣና ውሃ በተለይ በክረምት ደለል ስለሚሸከም እንደ አሸዋ ወረቀት ይበላዋል። አዲሱ ሲገባ ዘንጉን ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ እያዞራችሁ ክዳኑን አሳርፉ፤ ክንፎቹ በትክክል የሚታጠፉት እንደዚያ ነው። መልሳችሁ ስትገጥሙ የዘንጉን ጥርሶች ጎናቸውን ግራሶ ቀቡ፤ አናቱን ግን አትንኩ። አናት ላይ የተከማቸ ግራሶ ዘንጉ ሙሉ በሙሉ እንዳይገባ ይገፋዋል። ከዚያ በኋላ ሞተሩን በደረቅ ለሰከንድም አታስነሱ። ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ አስነሱትና ከጎን የምትፈሰው ቀጭን ውሃ መውጣቷን ተመልከቱ።

በቤት የማይሠራውንም ልናገር። በዘይት ቡሎኑ ማግኔት ላይ የሚገኝ እንደ ጭቃ ያለ ደቃቅ ብረት የተለመደ ነው። ጥፍር የሚያክል ስባሪ ከወጣ ወይም ጉልበት ስትሰጡት ማርሽ ከዘለለ ግን ካምቢዮው ውስጡ ይከፈታል ማለት ነው። የማርሾቹ ርቀት የሚስተካከለው በቀጫጭን ሮንዴላዎች፣ በመለኪያ ነው። በግምት የተገጠመ ማርሽ ዕድሜ የለውም፤ ለሚያውቀው ባለሙያ ስጡት።

ሌላው መታየት ያለበት ፕሮፔለሩ ራሱ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,785 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሞተር በየ300 ሜትሩ ሦስት በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ እዚህ ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛ የሚጠጋው የለም። ፕሮፔለር ላይ ከተጻፉት ሁለት ቁጥሮች ሁለተኛው በአንድ ዙር ስንት ኢንች ወደፊት መግፋት እንዳለበት ይናገራል። ለባሕር ጠረፍ የተመረጠው ቁጥር እዚህ ስለሚከብደው ሞተሩ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት እንኳ መመሪያው ላይ ያለውን ዙር አይደርስም፤ እንደታነቀ ይሠራል። አንድ ወይም ሁለት ኢንች ዝቅ ያለውን ሞክሩ።

ጥገናው አልቆ አሥር ሰዓት ያህል ከሠራችሁ በኋላ ጀልባዋን አውጥታችሁ ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ አሳድሩ። ማለዳ የታችኛውን ቡሎን ላላ አድርጉና መዳፋችሁን ከሥሩ ዘርጉ። የእኔ በሁለተኛው ሙከራ ከመጀመሪያው ጠብታ ጀምሮ ማር የመሰለ ዘይት ነበር የወረደው። ቡሎኑን አጥብቄ ዘጌ ሄድኩ።